ጣሪያዋ የከበዳት ባጃጅ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእናቶች ጋር ተቀምጬ። አማርኛውንም ገበያ ነው ያስተማረኝ፤ ቤታችን የምናወራው ወላይትኛ ነው። ሩት የምትባል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሱቄ መጥታ፣ «የምታውቂውን ሰው ሕይወት ጻፊልን፣ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን» ስትለኝ ሳቄን ለቀቅሁት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ያየሽውን ጻፊ፣ ማን የመጽሐፍ አማርኛ ጠየቀሽ» አለችኝ። እንግዲህ ጽፌ ቀድጄ፣ ጽፌ ቀድጄ፣ ይሄው። ቃል ከጎደለ እናንተ ሞልታችሁ አንብቡት። እኔ እጄ መርፌ ነው የለመደው።

ስሜ አባይነሽ ነው። ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ የባጃጅ ወንበር እሰፋለሁ። ስፖንጅ እቆርጣለሁ፣ ሌዘር አለብሳለሁ፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለውን ዘርፍ እሠራለሁ። የምጽፍላችሁ ግን ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ ጎረቤቴ ስለ ኤርሳዶ ነው። እሱ ባጃጅ ይጠግናል። የእሱንና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ነኝ «ይማርህ» የምለው።

ኤርሳዶ ቤሌ የምትባል ከተማ ልጅ ነው። ቀጭን ነው፣ ብዙ አይናገርም፤ ሞተር ሲሰማ ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰው ታሪክ ሲያወራለት እንደሚሰማ ነው የሚሰማው። አባታቸው ሲሞት ታናሽ ወንድሙ ጦና ገና ድክ ድክ ይል ነበር። ያሳደገው ኤርሳዶ ነው። መንዳትም ያስተማረው ራሱ ነው። የባጃጇ ወለል ላይ ውሃ የሞላ ጣሳ አስቀምጦ «ሳይፈስ አዙር» ይለዋል። ከፈሰሰ ይወርድና በእግሩ ይሄዳል። ጦና መጀመሪያ ላይ በእግሩ ብዙ ሄዷል። በኋላ ግን ከእሱ ጋር የተሳፈረ አሮጊት እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

ኤርሳዶ የሚጠላው ነገር ቢኖር ጌጥ ነው። ሰው ባጃጁን ተለጣፊ ሞልቶባት ሲመጣ መጀመሪያ በጥፍሩ ላጥ ላጥ ያደርገዋል፣ ከዚያ ነው ብሎን የሚፈታው። «ሰው የሚገባባት ሊሄድ ነው ወይስ ሊሞሸር?» ይላል። እኔ ከዘርፍ ነው የምበላው፣ ስለዚህ እንጣላለን።

«ሰው የሚያምር ነገር ይወዳል፣ ኤርሳዶ» እለዋለሁ።

«ፍሬን አያምርም?»

«ፍሬን ማን ያየዋል?»

«ያንኑ ነው የምልሽ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም አንዳንዱ ጌጥ ይቀፈኛል። ጥሩ ስፌት አንድ ነገር ነው። ያ ጸጉራም ጨርቅ ግን! እንደ አውሬ ቆዳ የሚመስለውን ማለቴ ነው። የሰው ላብ ይጠጣል፣ የሥጋ ቅባት ይጠጣል፣ ሕፃን ይተፋበታል፣ ዝናብ ያገኘዋል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ሽታው ይሄ ነው አይባልም። ብሩ የሚባል ሰው ደግሞ ከዚህ ሌላ አይወድም።

ብሩ ባጃጆች አሉት፣ ሰው ቀጥሮ ያስነዳል። አንዷን «ንግሥቴ» ነው የሚላት። ጣሪያዋ ላይ ከወፍራም ብረት የተበየደ ፖርቶመጋላ፣ በላዩ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ ዙሪያውን የሚያብለጨልጭ መብራት፣ የፕላስቲክ አበባ። ከኋላ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ቦታ በሚያብረቀርቅ ላሜራ አልብሶታል። ኤርሳዶ አይቶ «አፍንጫዋን ደፍነህ ሩጪ ትላታለህ» አለው። ብሩ ስቆ አለፈ። ያቺን ንግሥት የሚነዳት ጦና ነበር።

ኤርሳዶ ነግሮታል። «ጣሪያዋ ከብዷል፣ መታጠፊያ ላይ ትጥልሃለች» ብሎታል። ጦናም ለብሩ ነግሮታል። ብሩ «እሺ ካልነዳሃት ቁልፉን አምጣ» አለው።

ባለፈው ዓመት ጦና ከሻንቶ ከተማ ሲመለስ መታጠፊያ ላይ ባጃጇ ተገለበጠች። ተሳፋሪ አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጦና ግን እግሩ ከሥሯ ቀረ። አጥንቱ ተሰብሮ ተጠገነ፣ ግን አጥሮ ነው የተጠገነው፤ አሁን በክራንች ነው የሚሄደው። ይሄ አንሶ ብሩ «አረቄ ይሸተው ነበር» ብሎ አወራ። ለምን እንዳወራ ገብቶኛል፤ ጦና ካልጠጣ የጣለችው የእሱ ብረት ናት ማለት ነው። ጦና ደግሞ እንኳን አረቄ ለስላሳም ጋዙ ይከብደኛል የሚል ልጅ ነው።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። በእኛ በወንጌላውያኑ ዘንድ ጠጣ የተባለ ሰው ከኅብረት ይታገዳል፤ የጌታ እራት አይካፈልም፣ መዝሙር አይዘምርም። ጦና ዘማሪ ነበር። ኤርሳዶ በጉባኤው ፊት ቆሞ «ወንድሜ አልጠጣም፣ የጣለው የጣሪያው ክብደት ነው» ብሎ ተናገረ። ሽማግሌያችን ጋሽ ገብርኤል «ወንድምህ ስለሆነ ነው» አለው። በዚህ ተዘጋ። ጦና ታገደ። የቀን ገደብም አልተሰጠው፣ «እስኪጣራ» ተባለ። ማን እንደሚያጣራ የነገረን የለም።

በዚያው ሰሞን ብሩ የተገለበጠችውን ባጃጅ የወንበር ልብስ ተሸክሞ ሱቄ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው። የጦና ደም ደርቆበት ጸጉሩ ተጣብቋል፣ ዝንብ ከሱ ጋር አብሮ ገባ።

«እትዬ አባይነሽ፣ ይሄን እጠቢና ጠጋግነሽ ስፊልኝ።»

«ይቃጠል» አልኩት።

«ጨርቁ ደህና ነው'ኮ! ቀይ ጨምሪበት፣ ምንም አይታይም።»

ከአፌ ሊወጣ የነበረውን ቃል ዋጥኩት። በእንጨት አንስቼ ደጅ ጣልኩለት። ሌላ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ከላዩ አዲስ ቀይ ጸጉር አሰፍቶበት ተመለሰ። ሳይታጠብ፣ ከላዩ! ባጃጇ በሠፈራችን ባለፈች ቁጥር ሰው ያንን ወንበር እየዳበሰ «ሲለሰልስ!» ሲል እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

እንግዲህ ዘንድሮ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲቃረብ የባጃጅ ነጂዎቹ ውድድር እናዘጋጃለን አሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ዙሪያ መንገድ ተጠረገ። ፈጣን የሆነ ያሸንፋል ነው የተባለው። ዳኞቹ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዋናው ጋሽ ገብርኤል።

ኤርሳዶ ይህን ሲሰማ በቆርቆሮው ቀዳዳ ጠራኝ።

«አባይነሽ፣ ብሩ ያቺን ባጃጅ ያስገባል።»

«ያስገባት። ምን አገባህ?»

«ሜዳው ላይ መታጠፊያ አለ። ሕዝቡ ሁሉ ይቆማል፣ ጋሽ ገብርኤልም ይቆማል። በዓይናቸው ያያሉ።»

ገባኝ። ሽልማቱን አይደለም የፈለገው። የፈለገው ባዶ ባጃጅ እንዴት እንደምትታጠፍና የተሸከመች እንዴት እንደምትታጠፍ ጎን ለጎን እንዲያዩ፣ አይተውም ጦናን እንዲመልሱት ነው።

የራሱን አሮጌ ባጃጅ አራቆታት። ሸራውን ገፈፈ፣ የተሳፋሪ ወንበሩን አወጣ፣ ምንጣፉን፣ የጎን ብረቱን፣ መስታወት ያዡን ሁሉ። ባትሪዋን ወደ ታች አወረደ። የሞተሯን አየር መሳቢያ በጥርስ ብሩሽ ጠረገው። የመለዋወጫ ነጋዴው ጠሃ ጎማ አውሶት ሊያይ መጥቶ፣ ቆሞ ቆሞ «ያ ኤርሳዶ፣ ይቺ ታማለች እንዴ? ሐኪም ቤት ውሰዳት እንጂ!» አለ። መንገደኛው ሁሉ «የተነጨች ዶሮ» እያለ ነው የሚያልፈው። እኔም ብሆን አስቀያሚ ናት ብያለሁ፣ አልዋሽም።

ከእኔ የጠየቀኝ ወገቡን ከወንበሩ ጋር የሚይዝ ቀበቶ ብቻ ነው። ሰፋሁለት። ሆዴ ግን አልቻለም።

«ትንሽ ዘርፍ ፊት ለፊት ልጨምርልህ። ሰው እንዳይስቅብህ።»

«ትመዝናለች?»

«ዘርፍ'ኮ ነው! ምን ትመዝናለች?»

«ትመዝናለች ወይስ አትመዝንም?»

«እንደ ዶሮ ላባ።»

«እንግዲያው ዶሮዋ ላይ አድርጊው» አለኝና ቀበቶውን ይዞ ሄደ።

ውድድሩ ቅዳሜ ነበር። ሜዳው ጥቅጥቅ ብሏል፤ ከሻንቶም የመጣ አለ። ብሩ ንግሥቱን አዲስ አድርጓታል። አሁን ደግሞ ፖርቶመጋላው ላይ የበሬ ቀንድ አስሮበታል፣ እውነተኛ ቀንድ፣ ከሥሩ ገና በደንብ ያልጸዳ። ዝንብ ይዞረዋል። ሰው ከቀንዱ ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ነጂው ኤልሳዕ የሚባል፣ ጦናን የተካ ልጅ እግር ሰው ነው፤ እዚያ ቀይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ላቡ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ስለ ጋሽ ገብርኤል አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ከብት አድልቦ ነው የሚኖረው። ጊፋታ ሲመጣ አባወራዎች ተሰብስበው አንድ በሬ በጋራ ሲገዙ እሱን ነው ይዘውት የሚሄዱት፣ በሬ ማየት ስለሚያውቅ። ሌሎቹም ዳኞች እንደ እሱ ናቸው። ባጃጅ ዳኙ ሲባሉ ምን ያድርጉ? የሚያውቁትን አደረጉ። በየባጃጁ ዞሩ። ከኋላ ቆመው ዳሌዋን አዩ፣ ጎኗን በመዳፍ መታ መታ አደረጉ፣ የቀለሟን ብርሃን እንደ በሬ ጸጉር በእጃቸው አሻሹ። የብሩ ባጃጅ ጋ ሲደርሱ ሦስቱም ፈገግ አሉ። ጋሽ ገብርኤል እጁን ወንበሩ ላይ አሳርፎ ቀይ ጸጉሩን ዳበሰ፣ ዳበሰ። «ይቺ ደልባለች» አለ። እጄን በነጠላዬ ጠረግኩ። ከሥሩ ያለውን አውቃለኋ!

ኤርሳዶ ጋ ደረሱ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ አንደኛው።

«ባጃጅ ናት፣ አባቴ።»

«አጥንቷ ወጥቷል። ለጊፋታ እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ ትመጣለህ?»

«ሩጫ አይደል እንዴ?»

«ሩጫም ቢሆን በዓል ነው» አለ ጋሽ ገብርኤል። ከጀርባ ሰው ጮኸ፣ «አብሉልን! አብሉልን!» ሳቅ ሆነ። ጦና በክራንቹ ተደግፎ ከእኔ ጎን ቆሟል፣ ጆሮው ቀልቷል።

ፊሽካ ተነፋ። ኤርሳዶ እንዴት እንደሄደ ልነግራችሁ አልችልም፣ ቃሉም የለኝ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ባጃጇ መሬት ላይ እንደተለጠፈች ሆና ዞረች። ያቺ አስቀያሚ አማረችኝ። በሥራዬ ብዙ ቆንጆ ነገር ሰፍቻለሁ፣ እንደዚያ ዓይን የሚይዝ አላየሁም። ጦና ክንዴን ይዞ «ጣሳው አልፈሰሰም» አለኝ። ኤርሳዶ ሁሉን ቀድሞ ብቻውን ገባ። ማንም አላጨበጨበም። ማንም አላየውማ! ሰው ሁሉ ዓይኑ ቀንዱ ላይ ነው።

የብሩ ባጃጅ ሙዚቃዋን እያንባረቀች ከኋላ መጣች። ሞተሩ ከወዲያ መቃጠል መቃጠል ይሸታል። መታጠፊያው ላይ ጣሪያው ወደ ውጭ ሄደ። አንደኛው የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሳ። ቀንዱ ወደ ሕዝቡ አዘነበለ፤ ሴቶች ጮኹ፣ እኔም ጮኽኩ። ጦና ግን ዓይኑን ጨፈነ። ባጃጇ ትንሽ እንደዚያው ሆና ቆየችና፣ ዷ! ብላ ተመልሳ በጎማዋ ወረደች።

ይሄው፣ አልኩ በልቤ። አዩ።

እልልታው ቀለጠ። «ድገመው! ድገመው!» ይላሉ። በሁለት ጎማ ነዳት፣ ጉድ ነው፣ ጀግና ነው! ስልኩን ያላወጣ የለም። ጋሽ ገብርኤል እንኳ ከወንበሩ ተነስቶ ያጨበጭባል።

ኤልሳዕ እንዳቆማት ከባጃጇ ጀርባ ሄዶ አስታወከ። ሰዉ ያንንም ያነሳዋል፣ እየሳቀ። ኤርሳዶ ውሃ ይዞለት ሄደ፣ እኔም ተከተልኩ። ኤልሳዕ ውሃውን ከእጁ ተቀበለ።

«መሪው አልታዘዘኝም፣ ጋሽ ኤርሳዶ። ጣሪያው ነው የወሰደኝ። ሞቼ ነበር።»

«እንደዚህ ብለህ ንገራቸው። ሌላ ምንም አትበል።»

ኤልሳዕ አፉን ጠረገ። ብሩ ከወዲያ «የታለ ጀግናዬ!» እያለ ይመጣል። ወስዶ ከሕዝቡ ፊት አቆመው። ድምፅ ማጉያውን ሰጡት። ኤልሳዕ ወደ ኤርሳዶ አንድ ጊዜ አየ። ከዚያ «አስቤበት ነው ያደረግኩት» አለ።

አልፈረድኩበትም ማለት እፈልግ ነበር። ግን ፈርጄበታለሁ። ትፋቱ ገና ጫማው ላይ ነበር።

ሽልማቱ ዱንጉዛ ነበር፣ ያ ቀይ ቢጫ ጥቁሩ የወላይታ ልብስ። ለአንደኛ የወጣው ሰው ትከሻ ላይ ይደረጋል ነው የተባለው። አንደኛው ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ዱንጉዛውን ለኤልሳዕ እንኳ አላለበሱትም፤ የባጃጇ ቀንድ ላይ ነው ያለበሱት! ሰው የሚለብሰውን የክብር ልብስ እዚያ ዝንብ የሚዞረው ቀንድ ላይ። ተፋሁ። እኔ ሰው ፊት የማልተፋ ሴት ነኝ።

ኤርሳዶ ጋሽ ገብርኤል ጋ ሄደ። አልተቆጣም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው።

«ጋሽ ገብርኤል፣ አዩ አይደል?»

«አየሁ! እንዴት ያለ ጨዋታ ነው!»

«ጨዋታ አይደለም። ጎማው የተነሳው ጣሪያው ስለከበደ ነው። ጦናንም የጣለው ይኸው ነው።»

ጋሽ ገብርኤል ፊቱ ተለወጠ። «በዓላችንን አታበላሽ። ደግሞ ካነሳኸው ልንገርህ። ያው ባጃጅ፣ ያው ጣሪያ። ኤልሳዕ ስላልጠጣ መለሳት። ጦና ለምን አልመለሳትም?»

ዙሪያውን የቆሙት «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። ብሩ ጥርሱን አሳየ። እኔ ለመናገር አፌን ከፈትኩ። አማርኛውም ወላይትኛውም ጠፋኝ። ደሙን፣ ወንበሩን፣ ቀዩን ጨርቅ ልናገር ፈልጌ «እሱ…» ብዬ ቆምኩ። አንዱ «እትዬ፣ ተራ ጠብቂ» ብሎ ሳቀብኝ። አፍሬ ከሰው ኋላ ገባሁ።

ኤርሳዶ ጦናን አዝሎ በዚያች ራቁት ባጃጅ የነጂ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ በሰፋሁት ቀበቶ አሰረው። እሱ ራሱ ወለሏ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ መሪውን ከታች ይዞ፣ ቀስ እያለ ነዳ። መንገድ ላይ የነበሩት ይስቁባቸው ነበር። እኔ በእግሬ ነው የተመለስኩት። የዚያ ጸጉር ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣ ብሎኝ እራት አልበላሁም።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የጌታ እራት ቀን ነው። ጦና ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ብሩ ከፊት ነው፤ ደጅ ያቆማትን ባጃጅ ዱንጉዛዋን እንኳ አላወለቀላትም፣ ወጣቶች ከበዋታል።

መዝሙሩ ሳይጀመር ኤርሳዶ ተነሳ። ማንም ሳይጠራው በመሐል መንገድ ሄዶ፣ ንስሐ የሚገቡ ሰዎች የሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆመ። ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ላቡ ይታየኛል። እሱም እንደኔ ሰው ፊት መናገር አይወድም።

«እኔን አግዱኝ» አለ።

ጋሽ ገብርኤል «ምን አጠፋህ?» አለው።

«ወንድሜ አልጠጣም ብዬ እዚሁ ቆሜ ነግሬአችኋለሁ። እናንተ ጠጥቷል ብላችኋል። ጠጥቶ ከሆነ እኔ በእግዚአብሔር ቤት ዋሽቻለሁ። የዋሸ ሰውም ይታገዳል። እሱን አግዳችሁ እኔን ለምን ተዋችሁኝ?»

ጋሽ ገብርኤል መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈተ፣ ዘጋ።

«ኤርሳዶ፣ ቦታህ ተመለስ።»

«የቱ ነው ቦታዬ? ዋሽተሃል በሉኝ፣ ወይ አልዋሸህም በሉኝ። አልዋሸህም ካላችሁ ጦና ተነስቶ ይዘምር።»

ጋሽ ገብርኤል ወደ ብሩ አየ። ብሩ ጫማውን አየ። ከዚያ ጋሽ ገብርኤል «መዝሙር» አለ። ዘማሪዎቹ ተያዩ፣ የጀመረ የለም።

ኤርሳዶ በመሐል መንገዱ ተመልሶ ሄደ፣ የራሱን ወንበር አልፎ ከበሩ አጠገብ ጦና ጎን ተቀመጠ። ኅብስቱ ዞሮ እሱ ጋ ሲደርስ እንደ ታገደ ሰው ሳይወስድ ለሚቀጥለው አሳለፈው።